ተኝቶ የተሠራው ቁም ሳጥን

አናጺው ሕዝቅያስ «ቁም» የምትለዋን ቃል እንደ ከረሜላ ነው የሚመጣት። መናኸሪያ ሰፈር፣ የአውቶቡስ ጥሩምባ በማያባራበት ጥግ፣ በቆርቆሮ ሱቁ ውስጥ መላጊያውን ሲገፋ ይውላል። ደንበኛ ብቅ ሲል ግን መላጊያው ቀጥ ይላል፤ ሰላምታው ገና ሳያልቅም ጥያቄው ይመጣል።

«ወንድሜ፣ እስቲ ይቺን መልስልኝ። ቁም ነገር ለምን ቁም ነገር ተባለ?»

ሰውዬው የመጣው መስኮት ሊያሠራ እንጂ ሊፈተን አይደለም። አፉን ከፍቶ ይቀራል። ሕዝቅያስም የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ መልሱን ሰው እንዲቀማው አይወድም።

«ወሬማ ይጋደማል! በየሰፈሩ ይንከባለላል፣ ደጅህ ላይ ተኝቶ ያድራል። ቁም ነገር ግን በሁለት እግሩ መጥቶ ፊትህ ይገተራል። የቁም ከብት ስንልስ? ያልታረደ፣ በአራት እግሩ ያለ ማለታችን ነው። ቁም ጽሕፈት? እያንዳንዱ ፊደል እንደ ወታደር ደረቱን ነፍቶ! ቃሌን በቁሙ ያዘው ካልኩህ ደግሞ፣ ወዲህም ወዲያም ሳታጋድመው እንዳለ ውሰደው ማለቴ ነው። አየህልኝ? ሁለት ፊደል ናት፤ ስንቱን ቀጥ አድርጋ ይዛዋለች!»

«ትራፊክ ፖሊስም ቁም ይላል» አለው አንድ ቀን አንድ ባጃጅ ነጂ።

«እሱንማ ካንተ በላይ ማን ያውቀዋል!» ብሎ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

ባለቤቱ ጽጌሬዳ «ይኼ ሰውዬ ቃል ሲቆጥር አንድ ቀን ጣቱን ይጋዛል» ትላለች። ጣቱን እስካሁን አልጋዘም። ከሆሳዕና ከተማ በወጣትነቱ መጥቶ፣ ሰው ሱቅ ተቀጥሮ፣ ኋላም የራሱን ከፍቶ፣ ዕድሜውን በሙሉ የሠራው በርና መስኮት ነው። ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች ውስጥ እንግዳው ገፍቶ የሚገባበት በር የእሱ እጅ ያረፈበት ስንት አለ! ግን በር የሠራውን ሰው ማን ይጠይቃል? ሰው በበር ያልፋል እንጂ በር አያይም።

ሕዝቅያስን የሚከነክነው ይህ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። አንድ ሌላ ነገር አለ። በር በራሱ አይቆምም። ግድግዳው ነው የሚያቆመው። መስኮትም ያው ነው። «የኔ ሥራ ሁሉ» ይላል ሲከፋው፣ «የሰው ግድግዳ ተደግፎ የሚኖር ነው።» ከቁም ነገርም፣ ከቁም ጽሕፈትም፣ ከሁሉም አብልጦ የሚወዳት ስም ደግሞ ቁም ሳጥን ናት። የማንንም ግድግዳ ሳይደገፍ በገዛ እግሩ ቀጥ የሚል ዕቃ! ይህን ያህል እየወደደው ታዲያ አንድም ቀን ሠርቶት አያውቅም።

እንግዲህ ልጁ ሩሀማ ልታገባ ነው። ሠርጉ እሑድ። ሙሽራው ኢዮስያስ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የላብራቶሪ ሠራተኛ ነው፤ የሲዳማ ልጅ፣ ዝምተኛ፣ ሰው ፊት ሲቆም እጁን የት እንደሚያደርገው የማያውቅ። ሕዝቅያስ ቀኑ እንደተቆረጠ ልጁን ጠርቶ፣

«ቁም ሳጥንሽን እኔ ነኝ የምሠራልሽ!» አላት።

ሩሀማ ሐይቅ ዳር ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ናት፤ ምላሷ ፈጣን ነው። «አባዬ፣ ደስ ይለኛል። ብቻ ደወልና የበር ቁልፍ እንዳይኖረው» አለችው።

«ሳቂ አንቺ! ሳቂ! ምን ዓይነት ይሁንልሽ?»

«እስከ ጣሪያው ድረስ ይሁን። ላዩ ላይ አቧራ እንዳይሰበስብብኝ።»

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ መልካም ነበር። የሙሽራው አክስት እትዬ ታቢታ ግን አለች። እትዬ ታቢታ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ትነግዳለች፤ ድምጿ ከሱቋ ይቀድማል። ኢዮስያስን ከሕፃንነቱ ያሳደገችው እሷ ናት። ለሙሽሮቹ ቤት ከዕቃ መደብር መስታወት ያለው፣ ኤምዲኤፍ ከሚሉት የፋብሪካ ጣውላ የተሠራ፣ የሚያብለጨልጭ ቁም ሳጥን መርጣለች።

«ወንድም ሕዝቅያስ» አለችው ከጸሎት ቤት ሲወጡ፣ «እርስዎ የበር ሰው ነዎት። ሁሉም በጸጋው ቢያገለግል ይሻላል።»

እንዴት ያለች ጩቤ ናት! ሕዝቅያስ ግን ፈገግ አለ። «እትዬ ታቢታ፣ ዓርብ አስር ሰዓት ላይ የጸሎት ቤቱ ሽማግሌዎች የልጆቹን ቤት አይተው ሊጸልዩበት ይመጡ የለ? ያኔ የኔ ቁም ሳጥን ካልቆመ የእርስዎን ያስገቡ።»

«ቃል ነው?»

«በቁሙ ይያዙት!»

ቃል ተገባ። ሕዝቅያስ ለክፉ ቀን ያስቀመጠውን ዋንዛ ከሱቁ ጣሪያ ስር አወረደ። ለክፉ ቀን ያለውን ለደስታ ቀን ሲያወርድ እንጨቱ ራሱ የቀለለው መሰለው። ላገ፣ ለካ፣ ሰነጠቀ። መላጊያው ሲሄድ ቀጭን ቀጭኑ ፍቅፋቂ እየተጠቀለለ እግሩ ስር ይወርዳል፤ ሽታው ሱቁን ሞላው። የጎረቤቱ ሻይ ቤት ሰዎች «ዛሬ ሕዝቅያስ ቃል አይጠይቅም እንዴ?» ተባባሉ። አልጠየቀም። ይዘምር ነበር።

የሙሽሮቹ ቤት ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው ጠባብ ስለሆነ ሳጥኑ ተሠርቶ አይወጣም። ስለዚህ ሐሙስ ጠዋት የሙሽራው ሚዜ ተመስገንና ጓደኞቹ ጣውላውን እየተሸከሙ ወደ መኝታ ቤቱ አወጡለት። ሕዝቅያስ ወለሉ ላይ ካርቶን ዘረጋ፤ ጎንና ጎኑን፣ ጀርባውን፣ መደርደሪያውን አጋድሞ ይገጥም ጀመር። ለዘመናት በር ሲሠራ የኖረው እንዲሁ ነው። በር ተኝቶ ይሠራል፤ ሲያልቅ ሽቅብ ይነሣል። እጁ ሌላ መንገድ አያውቅም። ከላይ ለብርድ ልብስና ለትራስ የሚሆን ራሱን የቻለ ክፍል አወጣለት፤ ከሥር ደግሞ ልብስ የሚሰቀልበት ረጅሙ ክፍል። የየክፍሉን መዝጊያ ግን ግድግዳው ላይ ደግፎ አቆየ፤ መዝጊያ የሚገጠመው ዕቃው ከቆመ በኋላ ነው። መጋጠሚያውን ሁሉ በኮላ ጠረቀመው፤ አንዴ ከደረቀ ዝሆን አይለየውም። ቁመቱን ከጣሪያው ሁለት ጣት ብቻ አሳነሰ። ሩሀማ እንዳለችው፣ አቧራ መግቢያ የለውም!

ከሰዓት በኋላ ኢዮስያስ ከሥራ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ የተጋደመውን ሳጥን አየ። ጣሪያውን አየ። እንደገና ሳጥኑን አየ፣ እንደገና ጣሪያውን።

«ጋሼ...»

«አቤት ልጄ?»

ኢዮስያስ ጆሮው ቀላ። «ውሃ ላምጣልዎት?»

«አምጣልኝ፣ ተባረክ!»

ውሃው መጣ። ልጁ አልሄደም። በግድግዳው ጥግ ቆሞ በጣቱ አየር ላይ የሆነ ነገር ይለካል፣ ከንፈሩን ይነክሳል።

«ጋሼ...»

«አቤት?»

«ውሃው... ይጨመርልዎት?»

ሕዝቅያስ ሆዱ እስኪነፋ ጠጣ። ማታ ቤቱ ገብቶ ለጽጌሬዳ «ምን ዓይነት ጨዋ ልጅ ሰጠን መሰለሽ! ሦስት ጊዜ ነው ውሃ ያመጣልኝ» አላት።

ዓርብ ቀኑ ብራ ነበር። የሐይቁ ነፋስ በበረንዳው ገብቶ ካርቶኑን ያንቀሳቅሰዋል። ሚዜዎቹ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፤ ሩሀማ ስልኳን አውጥታ ቪዲዮ ልትቀርጽ ተዘጋጀች። ሕዝቅያስ መሃል ቆሞ እንደ መዘምራን መሪ እጁን አነሣ።

«ስትሰሙኝ፣ ሁላችሁም እኩል! አንድ... ሁለት... ሽቅብ!»

ተነሣ! ዋንዛው ተነሣ! የሕዝቅያስ ልብ አብሮት ተነሣ። ከወለሉ ጉልበት፣ ከጉልበት ደረት፣ ከደረት ራስ... «በርታ! በርታ! ቀጥ ሊል ነው!» እያለ ሲጮህ፣

ጓ!

የሳጥኑ ማዕዘን ጣሪያውን መታ። ቀጥ ያለው ሳጥኑ ሳይሆን ሰዉ ነው። ነጭ የቀለም ፍርፋሪ ተመስገን ፀጉር ላይ ወረደ።

«እንደገና» አለ ሕዝቅያስ። እንደገና ጓ! ወደ መስኮቱ አዞሩት፤ ጓ! ወደ በሩ አዞሩት፤ ጓ! ከላይ ያለችው ጎረቤት በመጥረጊያ እንጨት ወለሏን መልሳ መታችው።

ያኔ ነው ሕዝቅያስ የገባው።  ሳጥኑ ቢቆም ኖሮ ከጣሪያው ሁለት ጣት ያንስ ነበር፤ ልኩ ልክ ነው። ነገር ግን ከተኛበት ሲነሣ በሰያፍ ያልፋል፤ ከአንዱ ማዕዘን እስከ ማዶው ማዕዘን ያለው ደግሞ ከቁመቱ ይረዝማል። በር እንዲህ ያለ ጣጣ የለውም፤ በር ቀጭን ነው፣ ተኝቶም ተነሥቶም ያው ነው። ሳጥን ግን ሆድ አለው! የበር ሰው የሆነው ሕዝቅያስ የዘነጋው ሆዱን ነው።

«ጋሼ፣ ጣሪያውን ትንሽ ብንፍቀውስ?» አለ ተመስገን።

«ኮንክሪት'ኮ ነው! ደግሞስ ከፋቅነው የላይኛዋ ሴትዮ መጥታ እዚህ ልብሷን ትስቀል?»

ሳቁ ሳያልቅ ከታች የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። እትዬ ታቢታ ከሰዓቷ ቀድማ መጥታለች፤ በአይሱዙ፣ የመደብሩን ቁም ሳጥን በካርቶን አስጭና። ደረጃውን እየተነፈሰች ወጣችና ወለሉ ላይ ያለውን አየች። ከራስጌ እስከ ግርጌ አየችው።

«ወንድም ሕዝቅያስ፣ ይኼ አልጋ ነው?»

ሳጥኑን በጫማዋ ጫፍ ነካ አደረገችው።

«ሳጥን ከቆመ ቁም ሳጥን ነው። ከተኛ ግን ሌላ ስም አለው፤ የሠርግ ቤት ውስጥ አልጠራውም።»

«እትዬ!» አለች ሩሀማ።

ሕዝቅያስ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ዋንዛውን በመዳፉ ዳሰሰው። ኮላው ደርቋል፤ ልፍታው ቢል ጣውላው ይሰነጠቃል። በዕድሜው አንድ ጊዜ፣ ግድግዳ የማይደገፍ አንድ ነገር ለልጁ ልስጥ አለ፤ እሱም ወለል ተደግፎ ቀረ! ሁለት ሰዓት ነው የቀረው። ሩሀማ አጠገቡ ተንበረከከችና እጁን ያዘች። «አባዬ፣ ግድ የለም። ሰው ሲጠይቀኝ አባቴ ነው የሠራው እላለሁ፤ ተኝቶም ቢሆን።»

ይኼኔ ከበሩ በኩል ቀጭን ድምፅ መጣ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ትናንት... አይቼው ነበር።»

ኢዮስያስ ነው። ሕዝቅያስ ቀና አለ። «ምኑን ነው ያየኸው?»

«እንደማይነሣ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«እንዴት ብዬ ጋሼ? ልጅዎን ልወስድ ሦስት ቀን ሲቀረኝ... ሥራዎን ላርም?»

«አያርምም!» አለች እትዬ ታቢታ ደረቷን ነፍታ። «በእኛ ቤት አማቱን የሚያርም ልጅ አልወጣም! እኔ ነኝ ያሳደግሁት!»

«ለዚህ ነው እንዴ» አለች ሩሀማ ዓይኗን አፍጥጣ፣ «ውሃ በውሃ ስታደርገው የዋልከው?»

 ሕዝቅያስ ከሆዱ ሳቀ። ሳቁ ወለሉን አንቀጠቀጠው፤ ትከሻው ዘለለ፣ ዓይኑ አነባ። «አንተ ልጅ! አንተ ልጅ! ሐይቁን በሙሉ ቀድተህ ከምታጠጣኝ አንዲት ቃል ብትወረውርልኝ ምን ነበረበት!» ተመስገንም፣ ሚዜዎቹም፣ እትዬ ታቢታ ራሷ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቁ። ኢዮስያስ ብቻ እንደ ሐይቅ ዳሩ ወፍ፣ እንደ አባ ኮዳ፣ አንገቱን ቀብሮ ቆመ።

ሕዝቅያስ እንባውን ጠረገና ተነሣ። «በል አሁን ተናገር። አሁን እየጠየቅሁህ ነው። አንተ ብትሆን ምን ታደርጋለህ?»

«እኔ...»

«ውሃ አልፈልግም!»

«እኛ ላብራቶሪ ውስጥ... ዕቃ አልገባ ሲለን ከሁለት ከፍለን ነው የምናስገባው። እዚህጋ» አለና በጣቱ ነካ፣ የብርድ ልብሱ ክፍል ከልብሱ ክፍል የሚለይበትን። «ከመደርደሪያው በላይ ቢቆረጥ... የታችኛው ለብቻው ይቆማል። የላይኛው ደግሞ ከላዩ ይቀመጣል። መዝጊያዎቹም ለየብቻ ስለሆኑ አይነኩም።»

ሕዝቅያስ ሳጥኑን አየ። ትክክል ነው። ትክክል መሆኑ ነው ያስጨነቀው! ያንን እንከን የሌለውን ጎን፣ ትናንት እንደ ሕፃን ጉንጭ ሲደባብሰው የዋለውን፣ በመጋዝ? ሰዉ ሁሉ እያየ? ቢሰነጠቅ አንድም ትራፊ ጎን የለም፤ ታች የቆመው አይሱዙ ብቻ ነው።

«አባዬ፣ ካልፈለግህ ይቅር» አለች ሩሀማ።

«እርሳስ!» አለ ሕዝቅያስ። እርሳሱን ተቀብሎ ለኢዮስያስ ሰጠው። «አስምር።»

«እኔ?»

«ያየኸው አንተ ነህ።»

«ቢጣመምብኝስ?»

«ከተጣመመ እነግርሃለሁ። እኔ እንዳንተ አላፍርም!»

ኢዮስያስ አሰመረ። መስመሩ ቀጥ ብሎ ወጣ። ሕዝቅያስ መጋዙን አነሣ፣ ጥርሱን መስመሩ ላይ አሳረፈ፣ ገፋ ሲያደርግ ሳጥኑ ወለሉ ላይ ተንሸራተተ።

«የሚይዘው ሰው! ከባድ ሰው ይቀመጥበት!»

ሚዜዎቹ ተያዩ፤ ሁሉም ቀጫጭን ናቸው። ዓይናቸው ወደ አንድ ቦታ ሄደ።

«ምን ታዩኛላችሁ?» አለች እትዬ ታቢታ።

«እትዬ...» አለ ተመስገን።

«ዝም በል አንተ!» አለችና ቀሚሷን ሰብስባ ሳጥኑ ላይ ተደላደለች። ሳጥኑ ከዚያ በኋላ ንቅንቅ አላለም። «ዋ ወንድም ሕዝቅያስ፣ ይህን ያደረግሁት ለጸሎቱ ብዬ ነው እንጂ የእኔን ሳጥን አልረሳሁም!»

«ይቁጠሩልኝ እትዬ፣ ውለታ ነው!»

መጋዙ ሄደ፣ መጣ። የዋንዛው ዱቄት እትዬ ታቢታ ጫማ ላይ ዘነበ። አንዱ ጎን አለቀ፣ ጀርባው አለቀ፣ ሁለተኛው ጎን ላይ ሲደርስ ሕዝቅያስ ትንፋሹን ይዞ በቀስታ፣ በቀስታ... ኪሽ ብሎ ተለየ። አልተሰነጠቀም! ሩሀማ እልል አለች። ከላይ ያለችው ጎረቤት፣ ነገሩ ምን እንደሆነ ሳታውቅ፣ በመስኮቷ እልል አለች።

ከዚያ በኋላማ ማን ይያዘው! ሕዝቅያስ ለላይኛው ክፍል ወለል የሚሆን ጣውላ ከትራፊው ለክቶ በጎኖቹ መካከል መታለት። «ሽቅብ!» አለ፤ የታችኛው ተነሣ። ጉልበት፣ ደረት፣ ራስ... ሁሉም ጣሪያውን አፍጥጦ ያያል... አለፈ! በእግሩ ወረደ፤ ወለሉ ዱብ አለ። የላይኛውን አራት ሆነው አንሥተው ከላዩ አስቀመጡት። ከጣሪያው ሁለት ጣት! ከዚያ መዝጊያዎቹ ቀሩ። መዝጊያ ደግሞ ምንድን ነው? በር ነው! የሕዝቅያስ እጅ ዓይኑን ሳይጠብቅ ማጠፊያውን አሰረ፣ ሰቀለ፣ ዘጋ፣ ከፈተ። ሚዜዎቹ ብሎን ለማቀበል አልደረሱበትም።

ሽማግሌዎቹ ደረጃውን ሲወጡ የከዘራቸው ድምፅ ይሰማል። ገቡ፤ በሲዳምኛም በአማርኛም ሰላምታ ተለዋወጡ፤ ክፍሉ ሞላ። ከታች የአይሱዙው ሾፌር ሰልችቶት ጥሩምባውን ያንባርቀዋል። አንዱ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው ሊጸልዩ ሲሉ፣ ሕዝቅያስ ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ሄደና የሠራውን አየ። ግድግዳውን አልነካም። ማንንም አልተደገፈም። 

«ጋሼ።»

ኢዮስያስ ነው። አንገቱን ወደ ጎን አዘንብሎ በአንድ ዓይኑ እያየ ነው። ጆሮው ቀልቷል።

«አቤት ልጄ?»

ኢዮስያስ አክስቱን አየ፣ ሽማግሌዎቹን አየ፣ ምራቁን ዋጠ። «ወደ ግራ አዘንብሏል።»

 ሽማግሌው ባርኔጣቸውን እንደያዙ ቀሩ። እትዬ ታቢታ «ኢዮስያስ!» ልትል አፏን ስትከፍት፣ ሕዝቅያስ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ ከትራፊው ሽብልቅ እየቆረጠ ነበር፤ ፊቱ እንደ መብራት በርቷል።

«በል ንገረኝ! አሁንስ?» ሽብልቁን ከግራ እግሩ ሥር አስገብቶ በመዶሻው መታ።

«ትንሽ ይቀረዋል።»

«አሁንስ?»

«ትንሽ... አይ፣ አለፈ ጋሼ። ይመልሱት።»

«ይመልሱት አለኝ! ሰማችሁ? ይመልሱት!» አለ ለሽማግሌዎቹ፣ ሽልማት የተቀበለ ይመስል። መለሰው። «አሁንስ ልጄ?»

ኢዮስያስ ዓይኑን ጨፍኖ ገለጠ። ከበሩ አየው፣ ከመስኮቱ አየው። ቀጥ ብሎ ቆመ፤ እጁን የት እንደሚያደርገው ለማወቅም አልተቸገረም።

«አሁን ቆሟል።»

እትዬ ታቢታ ሳጥኑን በትከሻዋ ገፋ አደረገችው። አልተነቃነቀም። በክርኗ ደገመችው። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ሽማግሌዎቹን በክርኗ እየከፈለች ወደ በረንዳው ወጣችና ሐይቁ ድረስ በሚሰማ ድምፅ ጮኸች።

«አንተ ሾፌር! ጥሩምባህን ተውና ዕቃህን ይዘህ ሂድ! እዚህ ቦታ የለም፤ ተይዟል!»